«ውሽማ አለው ብላ ተከተለችኝ፤ ያገኘችኝ ግን ከማሲንቆ ጋር ነው»

በእንዲህ ዓይነቱ ገጽ ላይ የምናነበው አብዛኛውን ጊዜ ባል ሚስቱን ከዳ፣ ሚስት ባሏን ጠረጠረች ነው። የኔም ታሪክ አጀማመሩ እንደዚያው ነው። ባለቤቴን «ልጻፈው ወይ?» ብዬ ስጠይቃት «ስማችንን ብቻ እንዳታወጣ እንጂ ጻፈው፤ እስካሁን ያልነገርከኝ ነገር ካለም በዚያው አነበዋለሁ» አለችኝ። ቀልዷን አልነበረም። ለምን እንደዚያ እንዳለች ወደ ኋላ ይገባችኋል።

ነገሩ የሆነው በ1991 ዓ.ም. ነው። ያኔ የምንኖረው ቂርቆስ፣ ከባቡር ሐዲዱ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ በሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ባለቤቴ ቤት ውስጥ ሹራብ እየሠራች ትሸጣለች። ሁለት ልጆች አሉን። አላጨስም፣ ጫት አልቅምም፣ ሰክሬም ገብቼ አላውቅም። ሰፈሩ «ጨዋ ሰው» ይለኛል። ታዲያ ይህ ጨዋ ሰው በወር ሁለት ሦስት ቅዳሜ «ሒሳብ መዝጊያ ደርሶብናል» ይልና ወጥቶ እኩለ ሌሊት ላይ ይመለሳል። ሒሳብ በወር ሦስት ጊዜ እንደማይዘጋ ስምንት ዓመት ከሒሳብ ሠራተኛ ጋር የኖረች ሴት እንዴት አታውቅም?

የምሄደው ካዛንቺስ ነበር። (እንግዲህ ካዛንቺስ ስል አንዳንዱ አንባቢ ፈገግ እንደሚል አውቃለሁ። በዚያ ዘመን ቅዳሜ ማታ ካዛንቺስ የሚሄድ ባለትዳር ምን ፍለጋ እንደሚሄድ ለመገመት ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም ነበር።) እኔ የምሄደው ግን አዝማሪ ቤት ነው። ከቂርቆስ ተነሥቼ በመስቀል አደባባይ፣ በእስጢፋኖስ በኩል አድርጌ፣ የግዮን ሆቴልን የአትክልት ቦታ በግራ፣ የአፍሪካ አዳራሽን በቀኝ ትቼ ሽቅብ እወጣለሁ። አንዲት ጠባብ ቤት አለች። ግድግዳው በሰፌድና በአገልግል የተሸፈነ፣ መቀመጫው በቆዳ የተለበጠ ዱካ፣ ወለሉ ላይ ቄጠማ የተጎዘጎዘበት። አንድ ቢራ አዝዤ ጥግ ላይ እቀመጣለሁ። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ፣ አብራው የምትዘፍነው ሴት እስክስታ እየመታች ከእንግዳ ወደ እንግዳ ይዞራሉ። ሰዉ «ተቀበል!» እያለ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ይቀበላል፣ ብር ግንባሩ ላይ ይለጠፋል። እኔ ደብተር አውጥቼ የሰማሁትን ግጥም እጽፋለሁ። ኃጢአቴ ይኸው ነው።

ይህ አመል የተጣባኝ በልጅነቴ ነው። ያሳደጉኝ አያቴ ናቸው። ማታ ማታ ምድጃ ዳር ተቀምጠው የአያ ጅቦንና የጦጢትን ተረት ይነግሩኛል፤ በበዓል ቀን ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ እየወሰዱ ሥዕል ያሳዩኛል። ሕፃኑ ቂርቆስ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር የሚፈላ ጋን ውስጥ ሆነው መልአኩ ገብርኤል ሲያድናቸው፤ «እናትየዋ ስትፈራ ልጁ ነው ያበረታት» ይሉኛል አያቴ። ልቤን የወሰደው ግን የቅዱስ ያሬድ ሥዕል ነው። ያሬድ ሲዘምር፣ ንጉሡ ገብረ መስቀል በጦራቸው ተደግፈው ሲያዳምጡ ጦሩ የያሬድን እግር ወግቶታል፤ ንጉሡም ያሬድም አላወቁም። ዜማውን ያስተማሩት ደግሞ ከገነት የተላኩ ሦስት ወፎች ናቸው ይባላል። ትምህርት አልገባው ብሎ ከጉባኤ በሸሸ ጊዜ ያጽናናው ዛፍ ላይ ለመውጣት ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው የተሳካለት ትል ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ወፍ፣ ዛፍ፣ ትል፣ ዜማ፣ ሥዕል ሁሉም በአንድ ተረክ ውስጥ ናቸው። እኔም እስከ ዛሬ አንዱን ከሌላው ነጥዬ መውደድ አልቻልኩም። ማሲንቆ ስሰማ ዛፍ ይታየኛል። መጽሐፍም ሳነብ ከዛፍ ሥር ካልሆነ አይጥመኝም።

መጻሕፍቱን የምገዛው ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች ነበር። የመንግሥቱ ለማን «የአባቶች ጨዋታ» ሽፋኑ ተገንጥሎ ነው ያገኘሁት። ከአባታቸው ከአለቃ ለማ አንደበት ተቀብለው የጻፉትን «መጽሐፈ ትዝታ» ለማግኘት አንድ ክረምት ሙሉ ተመላልሻለሁ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ንማ ሁለት ቅጂ ነበረኝ፤ አንደኛው የ1958ቱ እትም። የምሳ ሰዓት ሲሆን አንዱን ይዤ ግዮን አትክልት ውስጥ እገባለሁ። አንዴም ከቸርችል ጎዳና ሱቆች የንግሥተ ሳባን ታሪክ የያዘ ባለ አርባ አራት ክፍል ሥዕል ገዝቻለሁ፤ ሰው እየተገበረለት የሚኖረው ዘንዶ፣ መርዝ የበላች ፍየል ሰጥቶ የገደለው አጋቦስ፣ ልጁ ማክዳ፣ የሰሎሞን ማዕድ፣ ሁሉም አለበት። ይህን ሁሉ ንብረት የማስቀምጠው ታዲያ ቤቴ አልነበረም። መሥሪያ ቤት፣ ከድሮ የሒሳብ ሰነድ ጀርባ፣ ቁልፉ እኔ ዘንድ ባለ የብረት ሳጥን ውስጥ ነው።

ለምን ደበቅክ ብትሉኝ፣ ሰበቡ አባቴ ናቸው። አባቴ ዘንድ «አዝማሪ» ስድብ ነው። አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ ከቆርቆሮና ከፈረስ ጭራ ማሲንቆ ቢጤ ሠርቼ ሲያገኙኝ እሳት ውስጥ ከተቱት። «እኔ አንተን የማስተምረው በሰው ድንኳን ለምነህ እንድትበላ ነው?» አሉ። ቃሉ እኮ «ዘመረ» ከሚለው ግዕዝ የመጣ ነው፣ ከመዘምር ጋር ወንድማማች ነው፤ ግን ማን ሰምቶኝ? ሳድግም የአባቴ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ባለቤቴ ደግሞ የጎጃም ባላገር ልጅ፣ ቁም ነገረኛ ሴት ናት። ትንቀኛለች ብዬ ፈራሁ። እውነቱ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ስለ ካዛንቺስ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ስሙ የመጣው ጣልያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ ከሚሠራው ድርጅት ስም ነው፤ «ካዛ» ቤት ማለት ነው፣ «ኢንቺስ» የድርጅቱ ምሕፃረ ቃል። ያው ጣልያን ነው እንግዲህ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ በግራዚያኒ ትእዛዝ አገር ለአገር የሚዞሩ አዝማሪዎችንና ጠንቋዮችን እያደነ ያስገደለ። መትረየስና አውሮፕላን የያዘ ጦር አንዲት ክር ያላትን ማሲንቆ ፈራ! ወሬና ቁጣ ከመንደር መንደር የሚያደርሱ እነሱ መሆናቸውን አውቋል። በደርግ ዘመን ደግሞ ሰዓት እላፊው የማታውን ጨዋታ ገደለው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግን አዝማሪ ቤት እንደ አሸን ፈላ፤ ለጣልያን ሹማምንት መኖሪያ ተብሎ ስም የወጣለት ሰፈርም የአዝማሪ ሰፈር ሆነ። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ባለቤቴ መጀመሪያ የጠረጠረችው በዕጣን ሽታ ነው። አዝማሪ የማሲንቆውን ክርና የመምቻውን ጭራ በዕጣን ሙጫ ያሸዋል፣ ቤቱም ውስጥ ዕጣን ይጨሳል፤ ሸሚዜ ይሸታል። ቀጥላ ልብሴን ልታጥብ ኪሴን ስትፈትሽ ወረቀት አገኘች። በገዛ እጄ ጽሕፈት፣ ስለ አንዲት ጠይም ሴት አንገትና ዓይን የተጻፈ ስምንት መስመር ግጥም! ባለቤቴ ቀይ ናት። ከዚያ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

በግንቦት ወር አንድ ቅዳሜ «ሒሳብ መዝጊያ» ብዬ ወጣሁ። እሷ ልጆቹን ለጎረቤት ሰጥታ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ከታናሽ እኅቷ ጋር ከኋላዬ ኖራለች። መስቀል አደባባይ ላይ ዞር ብል ታየኝ ነበር፤ አልዞርኩም።

ቤቱ ሞልቷል። አዝማሪው ክሩን እያጠበቀ እየቃኘ ሳለ በሩ ተከፈተና ሁለት ሴቶች ብቅ አሉ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ክው አልኩ። ሰዉም የመጣውን ነገር ወዲያው ገባው፤ ጸጥ አለ። አዝማሪ ግን አዝማሪ ነው። እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ማሲንቆውን አንድ ጊዜ ገዘገዘና፦

ክሬ ላላ ብዬ ቅኝት ስጠባበቅ፣
እመቤት ከደጃፍ ለቅኝት አለች ብቅ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቅኝት የክር ማስተካከያ ነው፤ ቅኝት ደግሞ ዘብ ሌሊት የሚወጣው ነው። ባለቤቴ ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየሁም። እኅቷ ጎትታ ልትመልሳት ስትል እምቢ አለችና መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ጥግ ጥጉን ተመለከተች፤ ጠይሟን ሴት ፍለጋ መሰለኝ። አጠገቤ ያለው ግን አንድ ቢራና አንድ ደብተር ነው። ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አድርጋ አነበበች። አዝማሪው ጠጋ ብሎ «እመቤቴ፣ አገርዎ ወዴት ነው?» አላት። ሳታስበው «ጎጃም» አለች። ቅኝቱን ወደ አንቺ ሆዬ ለወጠው። ይኼኔ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። እኔ ያፈረች መሰለኝ።

ቤት ስንገባ ጩኸት ጠብቄ ነበር። አልጮኸችም።

«ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር» አለች።

«እንዴት?»

«ሴት ብትሆን ሄጄ ጸጉሯን እነጭ ነበራ! ከማሲንቆ ጋር ምን ልጣላ? ስምንት ዓመት ሙሉ ሸሚዝ ተኩሼ የምልክህ ወዴት እንደሆነ አላውቅም። የሚያስደስትህን ነገር አላውቅም። እንዲያው ለመሆኑ እኔን ምን አድርገህ ነው የቆጠርከኝ?»

መልስ አልነበረኝም። ይባስ ብላ የጫማውን ነገር አነሣች። ትልቋ ልጃችን ጫማዋ ተቀዶ «ወር ይድረስ» ባልኳት በዚያው ሰሞን እኔ «መጽሐፈ ትዝታ»ን ገዝቻለሁ። ቀኑ ከመጽሐፉ ጀርባ በእጄ ተጽፏል። አንባብያን ሆይ፣ ሰው ለሥነ ጽሑፍ ያለው ፍቅር ቅዱስ ነው ብላችሁ ልታጽናኑኝ ትፈልጉ ይሆናል፤ የልጅ ጫማ ግን የልጅ ጫማ ነው። በማግስቱ ባለቤቴ ትንሹን ይዛ እናቷ ዘንድ ሄደች። ሦስት ሳምንት ቆየች።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ከሦስቱ አንደኛው የምድር ባቡር ጡረተኛ ነበሩ። አማቴ ነገሩን ሲያስረዱ «ሰካራም ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ሴት ቢወድም የወንድ ወጉ ነው ብለን ባስታረቅን። ይሄ ሰውዬ ግን ከቤቱ እየጠፋ ግጥም ነው የሚለቅመው!» አሉ። ጡረተኛው ሳቃቸውን ለመደበቅ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ። ወደ ኋላ ግን ኮስተር ብለው «የኔ ልጅ፣ ጥፋትህ ማሲንቆ መስማትህ አይደለም፤ መዋሸትህ ነው። በል ተነሣና እግሯን ሳም» አሉኝ። ሳምኩ።

ዕርቁ የቆመው በውል ነው። የብረት ሳጥኑ መጻሕፍት ወደ ቤት ይግቡ፤ ደመወዝ በተቀበልኩ ቀን ለመጽሐፍና ለማሲንቆ የሚወጣው ብር ፊት ለፊቷ ይቆጠር፤ አዝማሪ ቤት በወር አንድ ጊዜ፣ እሱም አብረን። ሽማግሌዎቹ ሊመርቁ ሲነሡ ባለቤቴ «እኔም የምለው አለኝ» አለች። ሁላችንም ወርቅ ወይም ቀሚስ መስሎን ነበር። «አዲስ አበባ ከገባሁ ጀምሮ ጫካ አላየሁም። አንድ እሑድ ጫካ ይውሰደኝ» አለች።

እንጦጦ ወሰድኳት። ይገርማችኋል፣ ዛፍ እወዳለሁ ባዩ እኔ የማውቀው ባሕር ዛፍን ብቻ ነበር፤ እሱም በምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ በመሆኑ ነው ስሙን ያገኘው። እሷ ግን ከባሕር ዛፉ አልፋ ወደ ገደሉ በኩል ገባችና በጣቷ እየጠቆመች ቆጠረችልኝ። ጽድ ይኼ ነው፣ አስታ ይኼ ነው፣ ይሄ ቀጋ ነው፣ ፍሬው ይበላል፣ ቢጫ አበባ ያለው አምጃ ነው፣ ይሄ ለምች ነው፣ ይሄ ለሆድ ቁርጠት። እኔ ስምንት ዓመት አብሬያት ኖሬ አንዲት ቅጠል ጠይቄያት አላውቅም። ለካ ደብቃለች የምትባለዋ እሷም ነበረች፤ ልዩነቱ የሚጠይቃት መጥፋቱ ነው።

ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ቆሎ ስንበላ የአንቺ ሆዬውን ነገር ነገረችኝ። ታላቅ ወንድሟ ከብት ሲጠብቅ ዋሽንት ይነፋ ነበር። ዋሽንት አይታችሁ ከሆነ አራት ቀዳዳ ያላት ሸምበቆ ናት፣ እረኛ ራሱ ነው የሚሠራት። ወንድሟ በ1981 ዓ.ም. ዘምቶ አልተመለሰም። ማታ ማታ ይነፋው የነበረው በዚያ ቅኝት ነው። ሬዲዮ ላይ ሲመጣ እየተነሣች የምታጠፋው ለዚህ ኖሯል። እኔ ደግሞ ሙዚቃ አይገባትም እል ነበር። ካዛንቺስ ያን ማታ ነጠላዋን የጣለችው አፍራ አልነበረም።

እንግዲህ ይህ ገጽ የምክር ገጽም ስለሆነ የበኩሌን ልበል። ለወንዶች፦ ዓሣ ማጥመድም ይሁን መጽሐፍ፣ ክራርም ይሁን እርግብ ማርባት፣ የምትወዱትን ነገር ለሚስቶቻችሁ ከመጋባታችሁ በፊት ንገሩ። ካሳቀ ይሣቅባችሁ። የደበቃችሁት ነገር ንጹሕ ቢሆንም መደበቁ ራሱ የውሽማ ሽታ ያመጣል። ለሴቶች፦ ኪስ ከመፈተሽ «ምን ያስደስትሃል?» ብሎ መጠየቅ ይቀላል። (ባለቤቴ ይህችን ስታነብ «ብጠይቅህ ትነግረኝ ነበር?» አለች። አልነግራትም ነበር።) ለወላጆች ደግሞ የልጅ ማሲንቆ እሳት ውስጥ አትክተቱ። አባቴ አሁን በሕይወት የሉም፤ ይህን ሳልነግራቸው ነው የሞቱት።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት በወር አንድ ቅዳሜ ካዛንቺስ ነበርን። እሷ ግጥም ትሰጣለች፤ ከኔ ይበልጥ ትችላለች። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሁለቴ ጨረሰችው፤ ልጅ ሆና ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ከጎረቤት ሰምታው ኖሮ ድምፁን አስመስላ ለልጆቹ ታነብላቸው ነበር። ከአዝማሪ ቤቶቹም ፈንድቃ ደጋግመን የሄድንበት ነው። መላኩ በላይ እዚያው በጉርሻ እየጨፈረ፣ ማታ እዚያው እየተኛ ኖሮ በመጨረሻ የቤቱ ባለቤት ሆነ፤ የባህል ማዕከልም አደረገው። የውጭ አገር ሰው ሳይቀር አዝማሪ ፍለጋ ካዛንቺስ ይመጣ ጀመር። አባቴ ይህን ቢያዩ ምን ይሉ እንደነበር እንጃ።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ በኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ፈረሰ። ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሰፈሮች ሄደ፤ ፈንድቃም ከቦታው ተነሣ። በዚያው ሰሞን፣ በጥቅምት ወር፣ ማዶ ያለው የአፍሪካ አዳራሽ ታድሶ ተመረቀ። የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስተዋት እዚያ ነው ያለው፤ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን፣ የአፍሪካን ያለፈ ዘመን፣ ትግልና መጪ ጊዜ የሚያሳይ። አንድ ጊዜ በሥራ ተልኬ ገብቼ አይቼዋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት ወለሉ ሁሉ ቀለም ይሆናል። አንዱ ሲጠበቅ ሌላው ሲሄድ ማየት እንግዳ ስሜት አለው። አዲሱ መንገድ ሰፊ ነው፣ መብራቱም ያምራል፤ አልዋሽም። የአዝማሪ ግጥም ግን እንደ መስተዋት ነቅለው የሚያድሱት ነገር አይደለም። እኔ ዘንድ የቀረው አሥራ አንድ ደብተር ነው። ሁለቱን ምስጥ በልቶብኛል።

ባለፈው ጥር፣ የቂርቆስ ንግሥ ዕለት፣ ታቦቱን ሸኝተን ስንመለስ «እስቲ ካዛንቺስ እንለፍ» አለችኝ። ሄድን። አሁን ሁለታችንም ምርኩዝ ባንይዝም ሽቅቡ ያደክመናል። የድሮዋ ጠባብ ቤት የነበረችበትን ቦታ ለማግኘት ብዙ ዞርን። እኔ አንድ ቦታ ላይ ቆሜ «በሩ እዚህ ነበር» አልኩ። እሷ ወደ ታች ሃያ እርምጃ ያህል ወረደች፣ ሽቅብ ወደ አዳራሹ አየች፣ ነጠላዋን አስተካከለች።

«አይደለም፣ እዚህ ነው» አለች። «በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ አንተ ውስጥ ነበርክ።»